ማሳየትና ማስተማር፤ የፕሮግራም ሠሪዎች የሥልጠና ጉባኤዎች ሲመዘኑ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለሚሠሩ ባለሙያዎች በየጊዜው የሚዘጋጁት የሥልጠና ጉባኤዎች በትምህርት ጥናት መጽሔቶች ላይ ሲመረመሩ እምብዛም አይታይም። ጉባኤዎቹን የሚያዘጋጁት የንግድ ድርጅቶች ናቸው፤ ተሳታፊዎቹም ደመወዝተኛ ባለሙያዎች እንጂ ተማሪዎች አይደሉም። ይሁን እንጂ ጉዳዩን በቸልታ እንዳናልፈው የሚያስገድድ ምክንያት አለ። ለመረጃ ቴክኖሎጂ መምህራን የአጭር ጊዜ የሥራ ላይ ሥልጠና የሚያቅዱ ሰዎች አርአያ በሚሹበት ጊዜ ዐይናቸው የሚያርፈው በእነዚሁ ጉባኤዎች ላይ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ አንድ አዋቂ፣ አንድ የግድግዳ ስክሪን፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት፤ ይህ ቅርጽ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲዘዋወር፣ ማን ለምን ዓላማ እንደ ፈጠረው የሚጠይቅ ሰው አልተገኘም። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ያንኑ ጥያቄ ነው። ለምርመራ የተመረጡት የማይክሮሶፍት ኩባንያ በክላውድና በዴስክቶፕ ፕሮግራም አሠራር ላይ የሰጣቸው ሥልጠናዎች ናቸው፤ የተመረጡበትም ምክንያት አብዛኞቹ ንግግሮችና የልምምድ ጽሑፎች በነፃ የተለቀቁ በመሆናቸው በሩቅ ያለ ተመልካችም አይቶ ሊፈርድባቸው ስለሚችል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚባለው በተጠቃሚው ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ተጭኖ እዚያው የሚሠራ ነው። ክላውድ ኮምፒዩቲንግ ግን ኮምፒዩተሩንና ማከማቻውን ሳይገዙ በሩቅ ካለ ትልቅ ጣቢያ በመስመር መከራየት ነው፤ ክፍያውም እንደ መብራት ቆጣሪ በተጠቀሙት መጠን ይታሰባል። አማዞን በ2006 ማከማቻና ኮምፒዩተር በዚህ መንገድ ማከራየት ጀመረ፤ ጉግል በ2008 ተከተለ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በሎስ አንጀለስ ከተማ ባካሄደው የፕሮግራም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ «ዊንዶውስ አዙር» ብሎ የሰየመውን አገልግሎት በወቅቱ የሶፍትዌር ሥራ የበላይ ኀላፊ በነበሩት በሬይ ኦዚ አማካይነት ይፋ አደረገ። አገልግሎቱ በሽያጭ ላይ የዋለው ግን በፌብሩዋሪ 2010 ነው። ስለዚህ በአዳራሹ የነበሩት ሰዎች ሲሠለጥኑበት የዋሉት ገና በገበያ ላይ ያልነበረ ዕቃ ነበር ማለት ነው።

ይህ ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ክፍተት የጉባኤውን እውነተኛ ባሕርይ ያሳያል። ይህ የፕሮግራም ሠሪዎች ጉባኤ ከ1992 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው ገና የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ ለማስተዋወቅና ባለሙያዎችን ወደዚያ ለመሳብ ነው። በ2009 ለተሳታፊዎች አንዳንድ ላፕቶፕ ታደለ፤ በ2011 አናሃይም ላይ በተደረገው ተከታዩ ጉባኤ ደግሞ ታብሌት ኮምፒዩተር ተሰጣቸው። የእንግዳ ተቀባይነቱ ነገር የሚታማ አይደለም፤ ነገር ግን አስተማሪው ለተማሪው ስጦታ በሚያበረክትበት አዳራሽ ማን ማንን ፈልጎ እንደ ጠራ መገመት አያስቸግርም። ማስተዋወቅ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው ማስተዋወቂያው ሥልጠና ተብሎ በሥልጠና በጀት ሲመዘገብ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው በነዚህ መድረኮች ላይ ዋናው የማስተማሪያ ዘዴ የሆነው ማሳያ ነው። ተናጋሪው ባዶ ገጽ ይከፍታል፤ ቀደም ብሎ ያዘጋጀውን የፕሮግራም ቁራጭ ከጓዳ አውጥቶ ይለጥፋል፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ሁሉም ነገር ይሠራል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። በዚህ ሂደት ውስጥ የተሰወረው ምን እንደሆነ መምህር የሆነ ሁሉ ይገነዘበዋል። ማመንታቱ፣ ስሕተቱ፣ የስሕተቱን መልእክት አንብቦ ምክንያቱን መፈለጉ፣ ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጡ፤ ባጭሩ የሥራው ሐሳብ በሙሉ ተሰውሯል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆቻችን በናሙና ማስተማር ልምምድ ጊዜ፣ ዕጩ መምህሩ የሒሳብ ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ያለ ምንም መዘግየት ሠርቶ ቢያሳየን ውጤቱን እንቀንስበታለን። ጥያቄውን ማወቁን አስመስክሯል፤ ተማሪው እንዴት እንደሚደርስበት ግን አላሳየም።

የሁለተኛ ደረጃ መምህራኖቻችን ይህን ዐይነቱን ነገር ከማንም በተሻለ ያውቁታል። ከ2004 ጀምሮ በሳተላይት ወደ ክፍሎቻችን ይገባ የነበረው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት፣ ተማሪው ሥዕሉን ገልብጦ ሳይጨርስ ያልፍ ነበር፤ መምህሩም ማስቆም አይችልም ነበር። የሎስ አንጀለሱ አዳራሽ ተሳታፊም ያው ነው፤ እጁን አጣጥፎ ያያል እንጂ አያስቆምም። በሌላ በኩል ግን የ2008ቱ ጉባኤ ንግግሮች ተቀርጸው ወዲያው በነፃ መለቀቃቸው በፍርድ ሚዛን ላይ ሊቀመጥ ይገባል። ከዚህም የተነሣ በቤቱ ተቀምጦ ፊልሙን እያቆመና እየመለሰ የተከታተለው ሰው፣ ከፍሎ በአዳራሹ ከተገኘው ይበልጥ ሳይማር አልቀረም።

ከመድረክ የሚደረግ ነገር ሁሉ አያስተምርም ማለታችን ግን አይደለም። በ2010 በኩባንያው መናገሻ በሬድመንድ በተካሄደው ጉባኤ፣ የሲ ሻርፕ ቋንቋ ዋና ነዳፊ የሆኑት አንደርስ ሃይልስበርግ ያቀረቡት ትምህርት በአርአያነት ሊጠቀስ ይችላል። የተነሡት ከዕቃው ሳይሆን ከችግሩ ነው። የፊልሞች ዝርዝር ከሩቅ ኮምፒዩተር የሚጠይቅ አንድ የዴስክቶፕ ፕሮግራም አሳዩ፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ መስኮቱ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ተጠቃሚውም አንዱን ቁልፍ እንኳ ሊጫን አይችልም። ቀጥሎ ችግሩ በአሮጌው ዘዴ ሲፈታ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚወሳሰብና ለማንበብ እንደሚያዳግት አሳዩ። አዲሱ ዘዴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተመልካቹ በዚህ ጊዜ መልሱን የተቀበለው ጥያቄው የራሱ ከሆነ በኋላ በመሆኑ፣ ከአዳራሹ ሲወጣ የያዘው የቁልፍ ቃል ስም ብቻ አልነበረም፤ መጠበቅ የሚባለው ነገር በፕሮግራም ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ተረድቷል። ዘዴው በ2012 በቋንቋው ውስጥ በይፋ ገባ፤ ሐሳቡም ዛሬ በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ውስጥ ይገኛል። የመሣሪያው ስም ቢለወጥ እንኳ ያ ትምህርት አይከስርም ነበር።

ከንግግሮቹ ይልቅ በጥንቃቄ መመዘን የሚገባው ግን የእጅ ልምምዱ ነው። ኩባንያው ንግግርን፣ ማሳያንና በእጅ የሚሠራ ልምምድን በአንድነት የያዘ የዊንዶውስ አዙር የሥልጠና ስብስብ በየጊዜው እያሻሻለ በነፃ ያድል ነበር። ስብስቡ በአንድ ነገር ከልብ ሊመሰገን ይገባል። ከመሥሪያ መሣሪያው ጋር የክላውዱን ጣቢያ በሠልጣኙ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም አብሮ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ሠልጣኙ መስመር ባይኖረውም ልምምዱን መሥራት ይችል ነበር። የኢንተርኔት መስመር በሚቆራረጥበት የትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ለሚሠራ መምህር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የመግቢያው ልምምድ የእንግዶች መዝገብ ማዘጋጀት ነው። ጎብኚው ስሙንና መልእክቱን ጽፎ ፎቶግራፍ ያያይዛል፤ ጽሑፉ በሠንጠረዥ፣ ፎቶግራፉ በሌላ ማከማቻ ይቀመጣል። ከዚያም ‹ይህን ፎቶግራፍ አሳንስ› የምትል አጭር መልእክት በወረፋ ላይ ትሰለፋለች፤ ከጀርባ ያለ ሌላ ፕሮግራም መልእክቷን አንሥቶ ፎቶግራፉን ያሳንሳል። በአንድ ትንሽ ሥራ ውስጥ ሦስት ዐይነት ማከማቻና ሁለት ተባባሪ ፕሮግራሞች መታየታቸው የአዘጋጁን ብልኅነት ይመሰክራል። ይሁን እንጂ የተመረጠው ምሳሌ ዋናውን የክላውድ ትምህርት ሸፍኖታል።

የዚህን አነጋገር ምክንያት ለማስረዳት ከመሥሪያ ቤት ሕይወት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ለአንድ መምህር አበል እንዲከፈል ለገንዘብ ያዡ ደብዳቤ በተላላኪ ይልካል። ተላላኪው አልተመለሰም። ደብዳቤው ሳይደርስ ቀርቶ ነው? ወይስ ደርሶ፣ ገንዘቡም ተከፍሎ፣ መልሱ ነው በመንገድ የጠፋው? ላኪው ከወንበሩ ሳይነሣ ሊያውቅ አይችልም። ሁለተኛ ደብዳቤ ካልላከ መምህሩ አበሉን ሊያጣ ነው፤ ከላከ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሊከፈል ነው። መዝገብ ቤቶቻችን ይህን ችግር ኮምፒዩተር ሳይታወቅ ፈትተውታል፤ ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን የደብዳቤ ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ገቢ ደብዳቤ የሚመዘግበው ሠራተኛም ቁጥሩን ሲያይ ‹ይህ ቀድሞ ተፈጽሟል› ብሎ ይመልሰዋል።

በዴስክቶፕ ፕሮግራም ውስጥ ይህ ጭንቀት እምብዛም የለም። አንዱ የፕሮግራም ክፍል ሌላውን ሲጠራ ወይ መልስ ያገኛል፤ ወይ ስሕተቱ ይነገረዋል፤ ካልሆነም ፕሮግራሙ በሙሉ አብሮ ይወድቃል። በክላውድ ግን ላኪውና ተቀባዩ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ስላሉ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቀራል። የአዙር ወረፋም የተሠራው ይህን በማሰብ ነው። አንድ ሠራተኛ ፕሮግራም መልእክት ሲያነሣ መልእክቱ አይጠፋም፤ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት ለ30 ሰከንድ ያህል ከሌሎች ዐይን ይሰወራል፤ ሠራተኛው ሥራውን ፈጽሞ ካልሰረዘው ተመልሶ ይታያል፤ ሌላው ያነሣዋል። ስለዚህ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ሊሠራ ይችላል። የሚሠራው ፎቶግራፍ ማሳነስ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ሁለት ጊዜ ያነሰ ፎቶግራፍ ያው አንድ ትንሽ ፎቶግራፍ ነው። አበል መክፈል ቢሆን ኖሮ ግን ልምምዱ በመጀመሪያው ሰዓት ሠልጣኙን ያስደነግጠው ነበር። ያ ድንጋጤ ነበር ትምህርቱ።

የልምምዱ ሁለተኛ ድካም የአጻጻፉ ነው። ‹ይህን ገልብጥ፣ እዚህ ላይ ተጫን፣ አሁን ይህን ሥዕል ታያለህ› እያለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትእዛዝ ይሄዳል። ተሳክቶለት የጨረሰ ሠልጣኝ ያስመሰከረው በትክክል መገልበጡን ነው። በመካከሉ አንድ መሥመር ቢቀር ምን እንደሚፈጠር አስቀድሞ ገምት የሚለው ሰው የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሥልጠና ድርጅት የሦስት ቀን የክላውድ ሥልጠና ተከታትለው ወደ ኮሌጃችን የተመለሱ አንድ የኮምፒዩተር መምህር፣ ምን እንደ ተማሩ ስንጠይቃቸው የአገልግሎቶቹን ስም በቅደም ተከተል ዘረዘሩልን። ከዚህ ውስጥ ለዕጩ መምህራን የሚያስተምሩት የትኛውን እንደሆነ ስንጠይቃቸው ግን ጥቂት አሰቡና «መስመሩ ቢኖር አሳያቸው ነበር» አሉን። መልሳቸው ትክክል ነበር፤ ያገኙት የሚታይ ነገር እንጂ የሚያስተምሩት ነገር አልነበረምና።

ክላውድ ሲወድቅ ምን እንደሚመስል ለማስተማር የሚያገለግል ከሁሉ የተሻለ ጽሑፍ የተገኘው ከጉባኤ አዳራሽ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 የአዙር አገልግሎት በብዙ ቦታ ለሰዓታት ተቋረጠ። ምክንያቱን ኩባንያው በማርች ወር በዝርዝር አስታወቀ። አንድ የውስጥ ፕሮግራም የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው የደኅንነት ምስክር ወረቀት ሲያወጣ፣ የሚያበቃበትን ቀን የሚያሰላው በዓመቱ ቁጥር ላይ አንድ በመደመር ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2013 የሚል ቀን ወጣ። እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጳጉሜን 6 በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትመጣ የሚያውቅ የእኛ አገር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ስሕተቱን በቀላሉ ይረዳዋል። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ተከታዩ ነው። አስተዳዳሪው ሥርዓት ማሽኖቹ በተደጋጋሚ ሲወድቁ ሲያይ የብረቱ ብልሽት መስሎት ሥራውን ወደ ሌሎች ማሽኖች አዛወረ፤ በዚህም ስሕተቱ ተስፋፋ። ይህን ዘገባ አንብቦ መወያየት ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃ ትምህርት ነው፤ ከብዙ የጉባኤ ንግግሮችም ይልቅ ከብዶ ይመዝናል።

ስለ ዴስክቶፑ ክፍል ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የዘመን ቅደም ተከተሉ ራሱ ይናገራል። በ2003 በሎስ አንጀለስ ተሳታፊዎች ስለ መጪው ዊንዶውስ ሦስት ምሰሶዎች ተማሩ፤ ከነዚህ አንዱ የነበረው ዊን ኤፍ ኤስ የተባለው የፋይል አያያዝ በ2006 ተሰርዞ ቀረ። ሌላው ደብሊው ፒ ኤፍ በሚል ስም በዚያው በ2006 ወጣ። በ2007 ሲልቨርላይት መጣ፤ ስንት ሰዓት ሥልጠና ከተሰጠበት በኋላ በ2011 የመጨረሻው እትም ወጣ፤ በኦክቶበር 2021 ድጋፉ ፈጽሞ ተቋረጠ። በ2011 ለዊንዶውስ 8 አዲስ አሠራር ሲቀርብ ብዙዎች የደብሊው ፒ ኤፍ ዘመን አለፈ ብለው ነበር፤ እርሱ ግን በ2018 ምንጩ ለሕዝብ ተከፍቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ዊንዶውስ አዙር እንኳ በ2014 ስሙ ወደ ማይክሮሶፍት አዙር ተለውጧል። የጉባኤ መርሐ ግብር አይቶ የአምስት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት የሚያወጣ ዐቃጅ የሚገጥመው ዕጣ ይህ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሳይለወጥ የቆየው፣ የሚታየውን ገጽ ከሚቀመጠው መረጃ ለይቶ መሥራትና ረጅም ሥራን መስኮቱን ከሚያንቀሳቅሰው ክር ላይ ማንሣት ነው። ሁለቱም በማንኛውም መሣሪያ ሊማሩ ይችላሉ።

የጊዜው ማጠር ለሁሉም ድካም ምክንያት ነው የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን በ1998 በግሬግ ዊልሰንና በብሬንት ጎርዳ በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተጀመረው የሶፍትዌር ካርፔንትሪ ዐውደ ጥናትም በተለምዶ ሁለት ቀን ነው። በዚያ አሠልጣኙ የተዘጋጀ ቁራጭ አይለጥፍም፤ ከባዶ ተነሥቶ ይጽፋል፤ ተሳታፊዎቹም አብረውት ይጽፋሉ። ሲሳሳት ስሕተቱን ጮኽ ብሎ አንብቦ በፊታቸው ያርመዋል። ተሳታፊው በኮምፒዩተሩ ጀርባ ላይ ከሁለት ቀለም ተለጣፊ ወረቀቶች አንዱን በመለጠፍ መከተሉን ወይም መቸገሩን ያመለክታል፤ ረዳቶች እየተዘዋወሩ የተቸገረውን ያግዛሉ። አሠልጣኞቹ ራሳቸው አስቀድመው ስለ ማስተማር ዘዴ ይሠለጥናሉ። እርግጥ ነው፤ የሚያስተምሩት ክላውድንም ሆነ ዴስክቶፕን አይደለም፤ ለተመራማሪዎች የሚያስፈልጉ መሠረታዊ የፕሮግራም ልማዶችን ነው። ብዙ ረዳት የሚጠይቅ በመሆኑም በሺህ ሰው አዳራሽ ሊደረግ አይችልም። ለእኛ ግን ይህ እንቅፋት ሊሆን አይገባም፤ የኮሌጅ የኮምፒዩተር ክፍል ሠላሳና አርባ ሰው ነው የሚይዘው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያሻል። ትእዛዝ ቆጥሮ ማስገልበጥን የነቀፈ ሰው ሠልጣኙን ወዲያው በባዶ ሜዳ ላይ ወደ መልቀቅ ሊያዘነብል ይችላል። ጆን ስዌለር በ1988 ባወጡት ጥናት እንዳስረዱት፣ ጀማሪው መፍትሔ ፍለጋ ላይ አእምሮው ከተጨናነቀ ለመማር የሚተርፈው ኀይል ጥቂት ነው። የተሠራ ምሳሌ አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ከዚያ ምሳሌው በአንድ ቦታ ይጎድላል፤ ቀጥሎ በሁለት ቦታ። የሥልጠና ስብስቡ ጉድለት ምሳሌ መስጠቱ አይደለም፤ ምሳሌውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙሉ አድርጎ መተዉ ነው።

በ2024 በአገራችን የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በመስመር ላይ የሚሰጥ በመሆኑ ከዚህ ጽሑፍ ዐይነት ውጭ ነው፤ ሆኖም በእርሱ ያለፉ መምህራን በየኮሌጁ ሲገኙ ለአጭር ዐውደ ጥናት ረዳት ሊሆኑ ይችላሉ። ለእንዲህ ዐይነቱ ዐውደ ጥናት አንድ ከሰዓት በኋላ በሚከተለው መንገድ ሊታቀድ ይቻላል። ሠልጣኞች ሁለት ሁለት ሆነው አበል የሚከፍል ትንሽ ፕሮግራም ይሰጣቸዋል፤ የክፍያው ትእዛዝ በወረፋ ይገባል፤ ከፋዩ ፕሮግራም ትእዛዙን አንሥቶ በክፍያ ፋይል ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ በትክክል ሲሠራ ያያሉ። ከዚያ ክፍያው ተጽፎ ትእዛዙ ገና ሳይሰረዝ ከፋዩን ፕሮግራም በድንገት እንዲያቋርጡት ይነገራቸዋል፤ ሠላሳ ሰከንድ ካለፈ በኋላ እንደ ገና ሲያስነሡት ምን እንደሚሆን ግን አስቀድመው በደብተራቸው ይጽፋሉ። ፋይሉን ሲከፍቱ አንዱ መምህር ሁለት ጊዜ ተከፍሎት ያገኙታል። መፍትሔው አይነገራቸውም፤ በመዝገብ ቤት ይህ እንዴት እንደሚፈታ ብቻ ይጠየቃሉ። አዙራይት የተባለው የአዙር ማከማቻ አስመሳይ ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ልምምዱ ያለ መስመር፣ ያለ ኪራይ፣ በክፍሉ ባሉት ኮምፒዩተሮች ላይ ይሠራል።